እንጦጦን በብስክሌት ወጥቶ መውረድ፦ ከዋዜማው ፍተሻ እስከ መልሱ ጽዳት

የአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት የሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ በሰፈር ሜዳ፣ በደቂቃ ሂሳብ በተከራያትና ፍሬኗ በማይሠራ ብስክሌት ላይ፣ በጫማው ሶል መሬት እየጫረ በማቆም ነው። እኔም የለመድሁት እንደዚያው ነው፤ ዓመታት አልፈው የራሴን የተራራ ብስክሌት ገዝቼ ወደ እንጦጦ መውጣት ስጀምርም ከዳገቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ይኸው የልጅነት ልማድ ነበር፤ ቁልቁለትን በድፍረት እንጂ በዘዴ መውረድ አላውቅም ነበርና። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሜዳ ላይ ብስክሌት መንዳት ለሚችል፣ ነገር ግን ተራራ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ምሳሌ ያደረግሁት ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውንና በባሕር ዛፉ ውስጥ ባሉት የእግር መንገዶች የሚመለሰውን የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ወደ እግር መንገዶቹ አይግቡ። የእንጦጦ ቀይ አፈር ሲርስ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ብስክሌቱን ለሸክም እንኳ ያስቸግራል፤ ከተራራው ባሻገር በሱሉልታ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጉዳቱም ለነጂው ብቻ አይደለም፤ በእርጥብ አፈር ላይ ጎማ የሰነጠቀው መስመር በሚቀጥለው ዝናብ የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በበልግ ወራት ዝናብ ከጣለ ግን መንገዱ እስኪጠነክር ሁለት ቀን መታገሥ ይገባል።

ከሳምንቱ ቀናት እኔ ቅዳሜን እመርጣለሁ። እሑድ ማለዳ ነጠላ የለበሰ ምእመን ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል ስለሚወጣ መንገዱ የእሱ ነው። ወር በገባ በ21ኛው ቀን፣ በተለይም በመስከረምና በኅዳር 21፣ ብስክሌቱን ቤት መተው ለሁሉም ይሻላል።

ከፍታውንም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የከተማው መሐል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የከተማው ነዋሪ ሰውነቱ ለአብዛኛው ነገር የለመደ ስለሆነ ትንፋሹ ቢያጥርም ይወጣዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ግን በደረሰ በማግስቱ «እኔ እዚያ በየቀኑ ነው የምነዳው» ቢልዎት አይስሙት፤ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ከተማው ውስጥ ይቆይ፣ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ደግሞ ጉዞው ይሰረዝ።

ስለ ብስክሌቱ በአጭሩ

ገንዘብዎ የተወሰነ ከሆነ ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ያላትን ርካሽ ብስክሌት አይግዙ። ትከብዳለች፣ በዳገት ላይ የእግርዎን ጉልበት ስፕሪንጓ እየዋጠ ይጨርሰዋል፣ ጥቂት ወራት ከሠራች በኋላም መጋጠሚያዎቿ መንጓጓት ይጀምራሉ። ኋላዋ ድፍን፣ ፊቷ ላይ ደህና ሾክ ያላት፣ ከሁሉም በላይ ዲስክ ፍሬንና ጥርሱ ያልተበላ ሰፊ ጎማ ያላት ያገለገለች ብስክሌት ትበልጣለች። ያገለገለ ሲገዙ ቀለሙን አይዩ፤ ገልብጠው ቸርኬውን ያሽከርክሩና ከፍሬኑ አንጻር ግራና ቀኝ መወላገዱን ይመልከቱ፣ ቀጥሎም ቸርኬውን በጣትዎ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው።

የኮርቻውን ቁመት ለመለካት ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን በታችኛው ፔዳል ላይ ያድርጉ። እግርዎ ሳይታጠፍ ቀጥ ማለት አለበት፤ በኋላ በእግርዎ ጣቶች ሥር ሲነዱ ጉልበትዎ በመጠኑ እጥፍ ይላል። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ ገና ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ ጉልበቱን ያመዋል።

በዋዜማው ምሽት

ፍተሻው ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ጠዋት በጥድፊያ ከሚደረግ ግን ማታ በእርጋታ ይደረግ። መጀመሪያ ሁለቱም ቸርኬዎች ከእቅፋቸው ጋር በደንብ መጥበቃቸውን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዙ፤ መሪው ሥር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ የመሪው መቀመጫ ላልቷል። ከዚያም የፍሬን ሸራውን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ከብረቱ በላይ የቀረው ሸራ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሳይለወጥ ወደ ተራራ አይወጣም። የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጡ መሪውን እስኪነካ ድረስ የሚገባ ከሆነም እንዲሁ።

ስለ ጎማው አየር ትንሽ ልቆይበት። በከተማችን ጎማ የሚነፋው ጎሚስታ ጋ ነው፤ ጎሚስታው ደግሞ የለመደው የመኪና ጎማ ስለሆነ ብስክሌትዎንም ድንጋይ እስኪሆን ይነፋልዎታል። አስፋልት ላይ ደስ ይላል፤ በሥርና በጠጠር ላይ ግን የደረቀ ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ መሬቱን አይዝም። ባለ ካላማዳሪ፣ 2.2 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ለሚነዳ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፤ የፊቱ ከኋላው በሁለት ፒኤስአይ ዝቅ ቢል መልካም ነው። መለኪያ ከሌለዎት ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው ሰው ከጎን እንዲያይልዎት ያድርጉ፤ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ በመጠኑ ጠፍጠፍ ማለት አለበት እንጂ ቸርኬው ወደ መሬት መጠጋት የለበትም። ከልክ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቀርቅሮ፣ እባብ የነደፈው ይመስል ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

በቦርሳው ውስጥ የሚገቡት ነገሮች አንድ አዲስ ካላማዳሪ፣ የቀዳዳ መለጠፊያ ከነማጣበቂያው፣ ሁለት የጎማ ማውለቂያ፣ በእጅ የሚያዝ መንፊያ፣ የብስክሌቱን ብሎኖች የሚፈቱ ቁልፎች፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ፋሻ፣ መታወቂያና ዝርዝር ብር ናቸው። ለስንቅ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ በሶ ጭብጦ ወይም ቆሎና ቴምር ይዣለሁ፤ በጾም ወቅትም አያስቸግርም። ሄልሜቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግንባርን የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሄልሜት ለጌጥ ነው።

አቀበቱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሱ። ከዚያ ከዘገዩ ከሚኒባሱና ከአይሱዙው ጋር እየተጋፉ፣ በጭሱ ውስጥ አፍዎን ከፍተው እየተነፈሱ ነው የሚወጡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስላለ ስስ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ግን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ያድርጉት፤ በአቀበቱ ላይ በላብ የራሰ ልብስ በቁልቁለቱ ላይ ያንቀጠቅጣል።

ዋናው ጥበብ ማርሽ ቀድሞ መቀየር ነው። ዳገቱ ከጀመረ በኋላ፣ እግርዎ በሙሉ ጉልበት እየረገጠ ሳለ ማርሽ ቢቀይሩ ሰንሰለቱ ይንጓጓል፣ ሊበጠስም ይችላል። ስለዚህ ዳገቱን ከሩቅ ሲያዩ፣ ገና በሜዳው ላይ ሳሉ ወደ ቀላሉ ማርሽ ይግቡ። እግር በዝግታ በከባድ ማርሽ ከሚጨነቅ ቶሎ ቶሎ በቀላል ማርሽ ቢዞር ሳንባው ይሠራል፣ ጡንቻው ግን ይተርፋል። መንገዱ ቀጥ ሲልብዎ ወደ ኮርቻው ጫፍ ተጠግተው፣ ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ ያድርጉ፤ ያኔ የፊቱ ጎማ አይነሳም፣ የኋላውም አይንሸራተትም።

ለፍጥነት የምጠቀምበት መለኪያ ወሬ ነው። ከጎንዎ ላለው ባልንጀራ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል፤ ቀስ ይበሉ። መውረድና መግፋትም ነውር አይደለም። በዚያው አስፋልት ላይ ብሔራዊ አትሌቶች ሲሮጡ አልፈውዎት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ተከትሎ ለመወዳደር መሞከር በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያስቆጭ ውሳኔ ነው፤ ሞክሬው አውቀዋለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት እንጦጦ ማርያም ሲደርሱ ከአጥሩ በፊት ይውረዱና ብስክሌቱን እየገፉ ይለፉ። እዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ በሶዎን ይብሉ፣ የብስክሌቱን ብሎኖች በእጅ ይዳስሱ። ለቁልቁለቱም ኮርቻውን ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት።

መንገዱ የማን ነው?

በእንጦጦ የእግር መንገዶች ላይ ከሁሉ በፊት ቅድሚያ ያላቸው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት እናቶች ናቸው። ሸክሙ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ አልፎ መንገዱን በሙሉ ይይዛል፤ አንገታቸው ወደ መሬት ስለሚያቀረቅር እርስዎን አያዩም፤ በድንገት ቢደነግጡም ሸክሙ ይዟቸው ይወድቃል። ስለዚህ ከኋላቸው ሲደርሱ ከሃያ ሜትር ርቀት ፍጥነት ቀንሰው፣ በለሰለሰ ድምፅ «እናቴ፣ እንደምን አደሩ፤ በርቱ» ይበሉ። ደወል አይደውሉ። «ያበርታህ ልጄ» ብለው ቆም ብለው ካሳለፉዎት ብቻ ይለፉ፤ ካልቆሙ መንገዱ እስኪሰፋ በእግር ይከተሉ።

ጭነት የያዘ አህያ ሲመጣ ከብስክሌቱ ወርደው በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ይቁሙ፤ አህያው ደንግጦ ቢገፋዎት ወደ ታች እንዳይሄዱ ነው። ውሻ ቢያሳድድዎት በፍጥነት ለማምለጥ አይሞክሩ፤ ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉ፣ ከዚያ ድንጋይ የሚያነሱ መስለው ጎንበስ ይበሉ፤ የአገራችን ውሻ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊትም ከጫካው ይውጡ። ጅብ ሰው አይነካም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ልፈትነው አልፈልግም።

ሰው የማይበዛበት ቦታ ለሚፈልግ ጀማሪ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መስመሮች ስላሉት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እዚያ መለማመድ ጥሩ ነው።

ቁልቁለቱ

እዚህ ላይ ሳልፈጥን ልጻፍ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

ከመውረድዎ በፊት በሜዳ ወይም በሣር ላይ አንድ ልምምድ ያድርጉ። መሬት ላይ ሁለት ድንጋዮች በአሥር ሜትር ርቀት ያስቀምጡ፤ በመካከለኛ ፍጥነት መጥተው በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ፍሬን መያዝ ይጀምሩ፣ ከሁለተኛው በፊትም ጎማው ሳይቆለፍ ለመቆም ይሞክሩ። መጀመሪያ በኋላው ፍሬን ብቻ፣ ቀጥሎ በፊቱ ብቻ፣ በመጨረሻ በሁለቱም ይሞክሩት። አብዛኛው የማቆም ኃይል ከፊቱ እንደሚመጣና የኋላው ብቻውን ሲያዝ እንደሚንሸራተት በእጅዎ ያውቁታል። «የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» የሚለው የሰፈር ምክር ግማሽ እውነት ነው፤ የሚገለብጠው በድንገት ሲጨመቅ ነው እንጂ በአንድ ጣት ቀስ እያለ ሲጠብቅ አይደለም።

የሰውነት አቋም እንዲህ ነው። ከኮርቻው ተነስተው ይቁሙ። ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆነው አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ይሁኑ፤ አንዱ ወደ ታች ከወረደ ድንጋይ ይመታል። ጉልበትና ክርን እጥፍ ብለው ዘና ይበሉ፣ ወገብ ወደ ኋላ ይሳብ። ከእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት ብቻ ፍሬኑ ላይ ይሁን፣ ሌሎቹ መሪውን ይጨብጡ። ዓይን ከፊቱ ጎማ ሥር ሳይሆን ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ወደፊት ይመልከት። ብስክሌት ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል፤ ድንጋዩን እየፈሩ ድንጋዩን ካዩ ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ፤ በድንጋዩ ጎን ያለውን ማለፊያ ይዩ።

ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳሉ ፍጥነቱን ጨርሰው ይቀንሱ፣ መታጠፊያው ውስጥ ሲገቡ ለቀቅ ያድርጉት፣ ሲወጡ እንደ ገና ይያዙት። በባሕር ዛፍ ጫካ ይህ ደንብ በእጥፍ ያስፈልጋል፤ የደረቀው ቅጠል ጠንካራ መሬት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ከዛፉ የረገፉት ድቡልቡል ፍሬዎች ከጎማው ሥር እንደ ብይ ይሽከረከራሉ፣ የተላጠው ቅርፊት ደግሞ ማርሹ ውስጥ ይጠመጠማል። መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ሥር ሲያገኙ ጎማው በቀጥታ እንዲመታው አድርገው፣ ፍሬን ሳይዙ ይለፉበት። የማያውቁትን ቀጥ ያለ ቁልቁለት አስቀድመው በእግር ወርደው አይተው ይመለሱ።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንዲት የግራ መታጠፊያ ላይ፣ ፈጥኜ ገብቼ ቅጠሉ ላይ የፊቱን ፍሬን ጨመቅሁት። ጎማው ሄደ፤ እኔ በቀኝ እጄ አንጓ ላይ አረፍሁ። ከኋላዬ ይወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው መጡና፣ እጄን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ብስክሌቱን፣ ቀጥሎም የመጣሁበትን ባዶ መንገድ ወደ ላይ አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ የሚያሳድድህ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አንጓዬ ለስድስት ሳምንት ታስሮ ከረመ።

ከአሥር ደቂቃ ቁልቁለት በኋላ ይቁሙ፤ ጣቶችዎ ይረፉ፣ ዲስኩም ይቀዝቅዝ። ዲስኩን ግን በእጅዎ አይንኩት፤ ያቃጥላል፣ የጣት ቅባትም የፍሬኑን መያዝ ያበላሻል።

ጎማ ሲተነፍስ

በእንጦጦ ይህ የሚቀር አይደለም፤ ቀጋው አለ፣ አጋሙ አለ። ከመንገዱ ወጣ ብለው ብስክሌቱን ይገልብጡና ቸርኬውን ያውጡ። የቀረውን አየር በሙሉ ያስወጡ፤ ቀጥሎ የጎማውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል እየጨመቁ ወደ ቸርኬው መሐል ጉድጓድ ያስገቡት፤ ይህ ከተደረገ ጎማው ላልቶ በማውለቂያ በቀላሉ ይወጣል። በካቻቢቴ ወይም በማንኪያ እጀታ ለማውጣት መሞከር ሌላ ቀዳዳ መፍጠር ነው።

ካላማዳሪውን አውጥተው በመጠኑ ይንፉትና በከንፈርዎና በጉንጭዎ አጠገብ ያሳልፉት፤ አየሩን ቆዳዎ ያገኘዋል። ቀዳዳውን ሲያገኙ ካላማዳሪውን ከጎማው ጋር አስተያይተው፣ እሾሁ የገባበትን ቦታ ከውስጥ በጨርቅ እየዳሰሱ ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ካላማዳሪ ያስገባል፣ የተደበቀው እሾህ ግን ከመቶ ሜትር በኋላ እንደ ገና ይወጋዋል። እሾሁን በጥፍር ወይም በማጠፊያ ቢላ ጫፍ ነቅለው ይጣሉት።

መለጠፍ ካስፈለገ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይሞርዱት፣ ማጣበቂያውን ከመለጠፊያው ሰፋ አድርገው በስሱ ይቀቡት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ማጣበቂያው ለጣት ደረቅ እስኪሆን ካልጠበቁ መለጠፊያው ይላቀቃል፤ በጎማ ጥገና ላይ ትዕግሥት የሚያስፈልገው በዚህች አምስት ደቂቃ ነው። ለጥፈው በአውራ ጣት አጥብቀው ይጫኑት። ካላማዳሪውን ክብ ቅርፅ እስኪይዝ ብቻ ነፍተው ወደ ጎማው ይመልሱት፤ የጎማውን ጠርዝ በእጅዎ መዳፍ ወደ ቸርኬው ያስገቡት፤ ቫልቩ ያለበትን ቦታ የመጨረሻ ያድርጉት። ከመንፋትዎ በፊት ቸርኬውን ዙሪያውን እየዞሩ ካላማዳሪው ከጠርዙ ሥር አለመያዙን ይመልከቱ።

ሲመለሱ

ብስክሌቱን ወደ ላቫጆ አይውሰዱት። የመኪና ማጠቢያው ውኃ ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጭቃውን ከነግሪሱ ጠርጎ፣ በምትኩ ውኃ ወደ ኩሽኔታዎቹ ያስገባል፤ ጉዳቱ ከወር በኋላ በቸርኬው ድምፅ ይታወቃል። አንድ ባልዲ ውኃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙናና አሮጌ ብሩሽ ይበቃሉ።

ሰንሰለቱን በላምባ በራሰ ጨርቅ እየጨበጡ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ይጥረጉት፤ ላምባውም ዘይቱም ዲስኩን እንዳይነኩ በላስቲክ ይሸፍኑት። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ የእንጦጦን አቧራ ሰብስቦ ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። እኔ የምጠቀመው የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ በየሰንሰለቱ መጋጠሚያ አንዳንድ ጠብታ አድርጌ፣ ፔዳሉን ሠላሳ ጊዜ ያህል አዙሬ፣ ከላይ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ኮርቻውን ወደ ቦታው ከፍ አድርጌ፣ የተበሳውን ካላማዳሪ ቦርሳዬ ውስጥ በአዲስ እተካለሁ።